ወርቅ ዓሣ ወይስ አምባዛ? ከገፈርሳ እስከ ቢሾፍቱ

እህቴ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት አኳሪየም ሊሠራ ነው። አንድ የቆየ ዕቃ ቤት ጸድቶ ትልልቅ የመስታወት ገንዳዎች ይገቡበታል። ተማሪው በሳምንቱ ቀናት፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ቅዳሜ እየመጣ ያያል። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ገንዘቡን አዋጥቷል። መስታወት ሠሪውም ተገኝቷል። የቀረው ምን ዓይነት ዓሣ ይግባበት የሚለው ነው።

ኮሚቴው ወርቅ ዓሣ ብሏል። ያው እናውቀዋለን፤ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ የምናየው ብርቱካናማው። ያምራል፣ አልክድም። ግን ቻይናዎች ካርፕ ከሚባለው ዓሣ ዘመድ መርጠው መርጠው ከ1,000 ዓመት በላይ ያረቡት ዓሣ ነው። አጠገቡ የሚሸጠው ጉፒም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። እዚህ አገር ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ደግሞ ወደ 200 የሚጠጉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። 40 የሚሆኑት ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። የአዲስ አበባ ልጅ ከነዚህ ውስጥ የሚያውቀው ካለ፣ የሚያውቀው በዱቄት ተጠብሶ፣ ሎሚና ዳጣ ቀርቦለት ነው።

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሃና በውስጡ ስለሚኖረው ፍጥረት ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ደወልኩላት። «ጋሼ፣ ከኮሚቴ ጋር ከምትከራከር መኪናህን አስነሳ። ከተማው ዙሪያ ያለውን ውሃ እንየው» አለችኝ። የገና ጾም ገብቷል። ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው የየዓመቱ ክርክር የሞቀበት ሰሞን ነው። ቪትዜን ነዳጅ ሞላሁና ወጣን።

ሐሙስ፦ ገፈርሳ

በዊንጌት አድርገን፣ አስኮን አልፈን ቡራዩ ገባን። ቡራዩ አሁን ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከሌሎቹ ጋር ተጠቃልሎ ሸገር ከተማ ተብሏል። መኪና ውስጥ ላለ ሰው ግን የት አልቆ የት እንደሚጀምር አይለይም። ብሎኬት ቤት፣ ብረት ቤት፣ ጫት ቤት፣ ደግሞ ብሎኬት ቤት። ከዚያ ሳይታሰብ ሜዳው ይከፈትና ውሃው ይታያል።

ገፈርሳ ከመሃል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ የተገደበው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ዛሬም ከለገዳዲና ከድሬ ጋር ሆኖ አዲስ አበባን ያጠጣል። የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ጥበቃ አለው። ዝም ብሎ ገብቶ መንሸራሸር የለም። እኛም ከብት ከሚግጥበት ሜዳ ላይ ራቅ ብለን ቆመን ነው ያየነው።

መጀመሪያ የሰማነው ጋጋኖ ነው። ይሄ ወፍ ዝም ብሎ መብረር አይችልበትም። ጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ ምንቃሩ ወደ ታች የጎበጠ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የሌለ ወፍ ነው። ለብዙ አዲስ አበቤ ግን ጠዋት ባሕር ዛፍ ላይ ሆኖ የሚቀሰቅስ ጩኸታም ብቻ ነው። ቀጥሎ ዝዮቹ መጡ። ሣር ላይ እየተራመዱ ሲግጡ ግራጫ ናቸው፤ ዓይን አይገባቸውም። አንዱ ተነሥቶ ሲበር ግን ክንፉ ላይ ያለው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ብልጭ አለ። ይሄም የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ዝይ ነው። ሌላ ቦታ የለም።

የአክስቴ ልጅ ማስታወሻዋ ላይ የምትጽፈው ግን ስለ ወፎቹ አልነበረም። የውሃውን ዳር፣ ቄጠማውን፣ ከብቱ የረገጠውን ጭቃ ትመዘግባለች። «ዝዩ የሚኖረው ይሄ እርጥብ ሣር ስላለ ነው። ሣሩ ታጥሮ ኮንዶሚኒየም ቢሠራበት ውሃው ቢቀርም ዝዩ ይሄዳል» አለች። ከኋላችን የነበረውን የብሎኬት ማምረቻ አየሁት። ምንም አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ በዚያው በሆለታ መስመር ገፍተን እንስሳ ኮቴ ደረስን። ቀጠሮ አስይዘን ነበር። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው 77 ሄክታር መሬት ነው። ዓሣ የለም። ልታሳየኝ የፈለገችው የአያያዙን ነገር ነው። እዚህ ያሉት አንበሶችና አቦሸማኔዎች ከሕገ ወጥ ንግድ የተያዙ፣ ከሰው ግቢ በሰንሰለት ታስረው የተገኙ ናቸው። የአቦሸማኔ ግልገል በሶማሊያ በኩል ወደ ዓረብ አገር በድብቅ እንደሚወጣ ስንቶቻችን እናውቃለን? ወደ ዱር መመለስ የሚችለው ይመለሳል። የማይችለው ዕድሜውን እዚሁ ይጨርሳል። አጥሩ የተዘረጋው ለእንስሳው እንጂ ለጎብኚ ዓይን ተብሎ አይደለም። አንበሳው ሣር ውስጥ ተኝቶ ጆሮውን ብቻ ካየህ፣ አየህ ማለት ነው፤ ሂሳቡ ያው ነው።

«የእናንተም ዓሣ መደበቂያ ያስፈልገዋል» አለችኝ ስንመለስ። «ድንጋይ፣ ሸክላ፣ ቱቦ። ባዶ ገንዳ መሃል የተቀመጠ ዓሣ ቀኑን ሙሉ እንደፈራ ነው የሚውለው። ሕፃን ደግሞ መስታወት ሳይደበድብ አይውልም።»

ዓርብ፦ ሰበታ

ጀሞን፣ ወለቴን፣ ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ። ከመሃል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሲኖትራክ ከፊትህ ከተሰለፈ ግን ኪሎ ሜትሩን ተወው። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው ያጻፈችው ደብዳቤ በእጃችን አለ።

ሰበታ ያለው በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚሠራው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው። አኳሪየም አይደለም፤ ለጎብኚ ተብሎ የተዋበ ነገር አትጠብቁ። ኩሬ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ቱቦ፣ ቦቲ ያደረጉ ሠራተኞች። እዚህ የዓሣ ጫጩት ይባዛል፤ ለገበሬ ኩሬና ለግድብ ይከፋፈላል፤ መኖ ይሞከራል። እኔ ግን ከዚህ በፊት ካየኋቸው ማሳያዎች ሁሉ ይሄ ይበልጥብኛል። ምክንያቱም ዓሣውን የሚያሳይህ ሰው ዓሣውን ያውቀዋል።

አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ መረብ ጎተቱልን። «ቅረቡ፣ አይናከስም» አሉ። መረቡ ውስጥ የነበረው ቆሮሶ ነው፣ ከተሜው ቲላፒያ የሚለው። አንዷን ሴት በእርጥብ እጃቸው ቀስ ብለው ይዘው አፏን ከፈት አደረጉት። በእንቁላል ተሞልቷል።

«አሁን ጾም ላይ ናት» አሉና ሳቁ።

ቀልዱ እውነት አለው። ወንዱ ኩሬው ወለል ላይ ጎድጓዳ ቦታ ይቆፍራል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ትጥላለች። ወንዱ ዘሩን ሲለቅበት እሷ እንቁላሉን በአፏ ትለቅመዋለች። ከዚያ አንድ ሳምንት ከምናምን፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት፣ አፏ ውስጥ ይዛ ትቆያለች። በዚህ ጊዜ እህል አትቀምስም ለማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ሕፃን ይሄን በመስታወት ውስጥ አንዴ ቢያይ፣ ወርቅ ዓሣ የሚባል ነገር ትዝም አይለው።

ቆሮሶ ጣጣም አለው። ትንሽ ኩሬ ውስጥ ያለ ልክ ይራባል። ኩሬው ጣት በምታክል ዓሣ ይሞላና ለሳህን የሚበቃ ይጠፋል። ዓሣ አርቢዎች ይሄን በሁለት መንገድ ይወጡታል። አንዱ ወንድ ብቻ የሆነ ጫጩት ማስገባት ነው። ሌላው አምባዛን አብሮ መክተት ነው፤ አምባዛ ትርፍ ጫጩቱን እየበላ ያሳሳዋል።

ስለ አምባዛ ቀኑን ሙሉ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ቅርፊት የለውም። አፉ ዙሪያ 8 ጢም አለው፤ በድፍርስ ውሃ ውስጥ በዓይኑ ሳይሆን በጢሙ እየዳሰሰ ያድናል። ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ስንጥቡ በላይ ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ፣ ከአየር የሚተነፍስበት ሌላ አካል አለው። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል። ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውሃ ውጭ ሰዓታት ይቆያል። ኩሬው ሲደርቅ በጎን ክንፎቹ እየተደገፈ፣ በሆዱ እየተንፏቀቀ ሌላ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። «ጠዋት ስንመጣ ሣር ላይ ያገኘነው ጊዜ አለ» አሉን ሰውየው።

ታዲያ ይሄ ጠንካራ ዓሣ በኩሬ ውስጥ በራሱ አይራባም። በዱር የክረምት ጎርፍ ሲመጣ፣ ውሃው ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ነው የሚራባው። ገንዳ ውስጥ ጎርፍ የለም። ስለዚህ ሴቷን ሆርሞን ይወጓታል። እንቁላሏ ሲደርስ ሆዷን እያሹ ያወጡታል። ወንዱን ግን እንዲህ ማለብ አይቻልም፤ ብዙ ጊዜ ታርዶ ነው ዘሩ የሚወሰደው። የአክስቴ ልጅ ይሄን ለሕፃናቱ መንገር የእህቴ ፋንታ ነው ብላለች።

ስለ ትምህርት ቤቱ ገንዳ ጠየቅናቸው። መጀመሪያ የጠየቁን ስለ መስታወቱ ውፍረት ሳይሆን ስለ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ አፉ በተከፈተ በርሜል ቀናት ማደር አለበት። ቀጥሎ ሙቀቱን ጠየቁ። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው የሚመቸው። ከ20 በታች ዕድገቱ ይጎተታል። ወደ 15 ሲወርድ መብላት ያቆማል። አዲስ አበባ ደግሞ ደጋ ናት፤ ኅዳር ላይ ጠዋት የቧንቧ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ስለዚህ ማሞቂያ የግድ ነው።

ከዚያ ዋናውን ነገሩን። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞንያ ያስወጣል። አሞንያ መርዝ ነው። ጠጠሩና ማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይቀይሩታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃል፤ ወር አልፎ ወደ ወር ተኩልም ይሄዳል። ለምርቃቱ ቀን ይድረስ ተብሎ ሁሉም ዓሣ በአንድ ማለዳ ገንዳ ውስጥ ከገባ፣ በሳምንቱ ሬሳ መልቀም ነው። መጀመሪያ ጥቂት ዓሣ፣ ቆይቶ ሌላው።

እህቴ ማታ ስደውልላት ዝም አለች። ምርቃቱ በአሥር ቀን ውስጥ ነበር የታሰበው።

ቅዳሜ፦ አባ ሳሙኤል

ይሄን ቀን ልዝለለው ብዬ ነበር። የአክስቴ ልጅ አልሰማችኝም። «ገፈርሳን አይተህ አባ ሳሙኤልን ካላየህ ግማሹን ነው ያየኸው» አለች።

ቃሊቲን አልፈን፣ ከአቃቂ ወጣ ብለን ጥርጊያ መንገድ ያዝን። ቪትዜ አለቀሰች። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከከተማው በላይ ካለው ተራራ ተነሥተው፣ አዲስ አበባን ለሁለት እየሰነጠቁ ወርደው የሚገናኙት እዚህ ነው። ከዚህ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የሽንት ቤቱን፣ የገበያውን ሁሉ ይዘው ነው የሚመጡት። ከተማው የጣለው በሙሉ መጨረሻው እዚህ ነው።

ግድቡ ራሱ ታሪክ አለው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት። ዛሬ አንድ ፋብሪካ የሚውጠው ኃይል ነው፤ በጊዜው ግን ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነበር። ለብዙ ዓመት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይናዎች ተጠግኖ እንደገና ሥራ ጀምሯል።

ውሃው ከሩቅ አረንጓዴ ሜዳ ነው የሚመስለው። ጠጋ ስትል እንቦጭ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ጣና ላይ ስንት ያስለቀሰን መሆኑን የማያውቅ ሰው ቆርጦ ቤቱ ይወስደዋል። ወደ ሌላ አገር የተሰራጨውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ ለጌጥ ተብሎ ተወሰደ። ከተመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ፍሬው ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ቆይቶ መብቀል ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው ከዚህ ብዙም በማይርቀው በቆቃና በአዋሽ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965። ጣና ላይ የደረሰው በ2011 ነው፤ ይሄም እ.ኤ.አ.። የሚመገበው ምን መሰላችሁ? እኛ ወንዙ ውስጥ የምንለቀውን። ፍሳሹ ማዳበሪያው ነው።

ዳር ላይ አንድ ወጣት መረብ እየጠገነ ነበር። ፌስታል ውስጥ ያለውን አሳየን። ወፍራም፣ ትልልቅ ቅርፊት ያለው ዓሣ። «ካርፕ ነው» አለች የአክስቴ ልጅ ወዲያው። በጣልያን ጊዜ ከውጭ መጥቶ እዚህ ግድብ ውስጥ የተለቀቀ ዓሣ ነው። የወርቅ ዓሣም የቅርብ ዘመድ ነው። ጭቃውን በአፉ እየቆፈረ ነው የሚበላው፤ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ሥር ይነቅላል።

«ይሸጣል?» አልኩት።

«ከየት ነው ይሉኛል። አባ ሳሙኤል ስላቸው ጥለውኝ ይሄዳሉ» አለ።

አልፈርድባቸውም። ቆዳ ማልፊያ ክሮሚየም የሚባል ብረት ይለቃል። እንዲህ ያለው ከባድ ብረት ጭቃው ላይ ይረጋል። ከጭቃው ወደ ትሉ፣ ከትሉ ወደ ዓሣው ይሄዳል። ማየትም ማሽተትም አይቻልም፤ ቢጠበስም አይጠፋም።

አንድ በሬ የሚጠብቁ አዛውንት መጡና ሰላም አሉን። ቁጭ አሉ። የዩኒቨርሲቲ ሰው መሆኗን ሲሰሙ «ልጄ፣ ስንት ዓመት ነው በጠርሙስ የምትቀዱት? ውሃው ታመመ ለማለት ስንት ጠርሙስ ይበቃል?» አሏት። ሳቀች፤ ግን ፊቷ ቀላ። በበኩሌ ጥያቄው ተገቢ ነው ብዬ አስባለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጀምሯል። ላይ ላዩ ሲያምር አይተናል፤ አግዳሚው፣ መብራቱ፣ ሣሩ። ሥራው አማረ የሚባለው ግን እዚህ አባ ሳሙኤል ላይ ተለክቶ ነው። እዚህ ጋ ፎቶ የሚነሣ የለም።

«አባቴ፣ እውነትዎን ነው» አለቻቸው በመጨረሻ። ጠርሙሷን ግን ሞላች።

እሑድ፦ ቢሾፍቱ

ቅዳሜ ልብ ስለሰበረን እሑድን ለእረፍት አደረግነው። ለነገሩ ከእሷ ጋር እረፍት የሚባል የለም። በፈጣን መንገዱ ወጥተን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቢሾፍቱ ነበርን።

ቢሾፍቱ እሑድ የታወቀ ነው። ሠርገኛ፣ ጀልባ፣ ሙዚቃ። ሆራ ዳር ግን ጸጥ ያለ ጥግ አገኘን። መስከረም መጨረሻ ላይ እሬቻ ሲከበር ይሄ ዳርቻ ሣርና አበባ በያዘ ሕዝብ ይሞላል። አሁን ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ብቻ ናቸው ያሉት።

እነዚህ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የከፈታቸው ጉድጓዶች ናቸው። ስለዚህ ለስፋታቸው ሲታይ በጣም ጥልቅ ናቸው። ሆራ 38 ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ባቦጋያ 65፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ 87። ዙሪያቸውን ገደል ስለከበባቸው ነፋስ እንደልቡ አይመታቸውም። በዓመቱ ብዙ ጊዜ ላይኛው ውሃ በፀሐይ ሞቆ ይተኛል፤ ታችኛው ቀዝቅዞ ይቀመጣል። አይቀላቀሉም። ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅኑ አልቆ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠራቀምበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ሌሊት ሌሊት ላይኛው ውሃ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ይሰምጣል። ነፋስ ካገዘው ሐይቁ ይገለበጣል። የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ጠዋት የሚነሣ ሰው ዳርቻው ላይ ነጭ ሆዱን ገልብጦ የተንሳፈፈ ዓሣ ያያል።

የጀልባ ቀዛፊው ያውቀዋል። «ዘንድሮ ገና ነው» አለን። «ሲሆን ጊዜ ሰው መርዝ ተጨመረ ይላል። ከዚያ ፖሊስ ይመጣል።» የአክስቴ ልጅ ለሰውየው ስለ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ስታስረዳው ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሂሳቡ የጀልባ ሰዓት ነበር፤ እኔ ነኝ የከፈልኩት።

እዚህም ታዲያ ዓሣው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። እነዚህ ጉድጓዶች ወንዝ አይገባባቸውም። ቆሮሶውን ያስገባው ሰው ነው። ባዶ ቦታ ላይ ስለሆነ ብዙም ያፈናቀለው የለም ትላለች። ቪክቶሪያ ሐይቅ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ለቀቁበት፤ እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ከጫሞ የሚመጣልን ትልቁ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ ያልነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የዓሣ ዝርያዎች ጠፉ። ከነሱ አንዳንዶቹ እስካሁን ያሉት አውሮፓና አሜሪካ አኳሪየሞች ውስጥ እየተራቡ ስለተጠበቁ ነው። ይሄን ስሰማ አኳሪየም የሚባለውን ነገር በሌላ ዓይን አየሁት። እኔ መዝናኛ ነበር የሚመስለኝ።

ምሳ ላይ እሷ ዓሣ ጎረድ ጎረድ፣ እኔ ለብለብ አዘዝን። ወሬው ወደ ጣና ዞረ። ጣና ውስጥ ቢልጫ የሚባሉት ዓሦች ከአንድ ወላጅ ወጥተው ወደ አሥራ ምናምን ዝርያ የተከፋፈሉ ናቸው። አንዱ ዓሣ አዳኝ ነው፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ሰባሪ፣ አንዱ ሣር በል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ ቤተሰብ ነበር፤ እሱ ጠፋ። የቀረው የእኛ ነው። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ያን ጊዜ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋባቸዋል። ዓሣ የሚመርዘው የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃው ላይ የሚበተንበትም ጊዜ አለ። እንቁላል የያዘችውን ከነእንቁላሏ።

«እና ለእህትሽ ምን ልበላት?» አልኳት።

«የማን እህት?»

«የእኔ። ራበኝ፣ ተደበላለቀብኝ።»

ከሰዓት አረንጓዴ ሐይቅን በሩቁ አይተን ተመለስን። ስፒሩሊና የሚባለው ደቂቅ ነገር ነው ውሃውን አተር ክክ ወጥ ያስመሰለው። ፍላሚንጎዎቹ የሚመጡት እሱን ፍለጋ ነው። በዚያ ቀን ጥቂት ነበሩ። ጎማ ነፋን፤ ሄድን።

ሰኞ፦ ኮሚቴው ፊት

እህቴ ቢሮ ውስጥ ሻይ ተፈልቶ ሁሉም ተቀመጠ። የአክስቴ ልጅ ያለ ወረቀት ነው የተናገረችው። አንደኛው ገንዳ ቆሮሶ፣ ማሞቂያ ያለው፣ ወለሉ አሸዋ፤ ወንዱ ሲቆፍር ይታይ። ሁለተኛው አምባዛ፣ ጨለም ያለ፣ ሸክላ ቱቦ የተቀመጠበት። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ማደግ ይችላል፤ ሲያድግ ወደ መጣበት ኩሬ ይመለሳል፣ በሱ ፈንታ ጫጩት ይገባል። ሦስተኛው ለጊዜው ባዶ። ከደጋ ጅረት የሚገኙት፣ አገጫቸው ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት ትንንሽ ጋራ የሚባሉ ዓሦች ቢገቡ ትወዳለች። ውጭ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ እግሩን የሚያስለቅማቸው ዓሦች የነዚህ ዘመድ ናቸው። ግን ከወንዝ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ እስኪመጣ ገንዳው ውሃ ተክል ብቻ ይኑረው።

አንድ የወላጅ ተወካይ ወርቅ ዓሣው ለምን ተሰረዘ ብለው ጠየቁ። ካርፑን ነገረቻቸው፣ እንቦጩን ነገረቻቸው። ቤት ውስጥ የሰለቸን ዓሣ ወደ ወንዝ መድፋት ምን እንደሚያመጣ ነገረቻቸው። ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። «ቀለሙ ግን...» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አምባዛ በመልክ አይታማም።

ያሸነፈው ክርክር ሌላ ነበር። ሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ «መብራት ሲጠፋስ?» አሉ። መብራት ከጠፋ አየር መንፊያው ይቆማል። ወርቅ ዓሣም ሆነ ቆሮሶ ብዙ ሰዓት ከቆየባቸው አፋቸውን ውሃው ላይ ከፍተው ይቀራሉ። አምባዛ ግን ብቅ ብሎ አየሩን ጎርሶ ይመለሳል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በእኛ ሰፈር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ምርቃቱም ተገፋ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 የዓለም የእርጥበታማ መሬቶች ቀን ነው። በ1971 በዚያ ቀን ራምሳር በምትባል የኢራን ከተማ ስምምነቱ ተፈርሞ ነው። በእኛ ጥር መጨረሻ ላይ ይውላል፤ ባክቴሪያዎቹም እስከዚያ ይደርሳሉ። በዚያ ቀን ልጆቹ በየሰፈራቸው ካለው ወንዝ በጠርሙስ ውሃ ይዘው መጥተው ከገንዳው ውሃ ጋር ያስተያያሉ።

መስታወት ሠሪው ተጠራ። ለአምባዛው ገንዳ ክዳን ይጨመር ሲባል ዋጋ ጨመረ። ክዳን ምን ያደርጋል ብሎም ተከራከረ። የአክስቴ ልጅ የሰበታውን፣ ሣር ላይ የተገኘውን ዓሣ ነገረችው። አሁን ክዳኑን በማጠፊያና በቁልፍ ሊሠራው ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ዋጋው ለብቻው ነው ብሏል።